ርእሰ ብሔርና ሥልጣኑ፦ ከዘውድ እስከ ፕሬዝዳንት



  በዚህ ወር አምዳችን ከቤታችን ጓዳ ጥቂት ራቅ ብለን ወደ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ እንሄዳለን። ነገሩ ግን ከቤተሰብ የራቀ አይደለም። ልጆቻችን በትምህርት ቤት «የአገራችን ርእሰ ብሔር ማን ነው? የመንግሥቱ መሪስ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ቤት ገብተው ጥያቄውን ሲያቀርቡልን ብዙዎቻችን ሁለቱን እናምታታለን። አባት «አገር የሚገዛው ፕሬዝዳንቱ ነዋ!» ይላል፤ ታላቅ ወንድም «የለም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ አያት ደግሞ «እኛ የምናውቀው ጃንሆይን ነው» ብለው ይዘጉታል።

የሚገርመው ሦስቱም አልተሳሳቱም። እያንዳንዳቸው የተናገሩት ያደጉበትን ዘመን ነው። አያት ያደጉት ሥልጣን ሁሉ በዘውዱ ሥር በነበረበት ጊዜ ነው፤ አባት ያደገው ፕሬዝዳንት ማለት የሁሉ አዛዥ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ልጁ ያደገው ደግሞ የፕሬዝዳንትነት ስም በአንድ ወንበር፣ ሥልጣኑ በሌላ ወንበር በተቀመጠበት ጊዜ ነው። አንዲት አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስቱንም አየች። እኛም ዛሬ ይህን ታሪክ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሦስት መመዘኛ ጥያቄዎች

በማስተማር ሥራችን ለተማሪዎቻችን የምንሰጣቸው ቀላል መመዘኛ አለ። ስለ ማንኛውም ባለ ሥልጣን ሦስት ነገር ጠይቁ እንላቸዋለን። ማን ሾመው? ማን ሊሽረው ይችላል? ለማንስ መልስ ይሰጣል? የማዕረጉ ስም ንጉሠ ነገሥት ይሁን ሊቀመንበር ወይም ፕሬዝዳንት፣ የሥልጣኑን ልክ የሚነግረን ስሙ ሳይሆን የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። እኛ ሙስሊሞች ሥልጣን አማና መሆኑን ከሕፃንነታችን እንማራለን። አማና ደግሞ የሰጪም የጠያቂም ነገር ነው፤ ጠያቂ የሌለው አማና በቀላሉ ወደ ግል ንብረትነት ይለወጣል።

የተቀባው ንጉሥ

ኢትዮጵያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የንጉሥ ሥልጣን የሚታወቀው በልማድ፣ በክብረ ነገሥትና በፍትሐ ነገሥት ነበር። ያም ቢሆን ያልተጻፈው ሕግ ጠንካራ ነበር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው «ሃይማኖታቸውን ትተው ሰልመዋል» የሚል ነበር። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለርእሳችን ዋናው ግን እንዲህ ያለው ክስ የአገር መሪን ለማውረድ መብቃቱ ነው። የሃይማኖቱ መስፈርት በወረቀት ሳይሰፍር በፊትም በሥራ ላይ ነበር ማለት ነው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁት የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገዋል። ዘውዱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ደነገገ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑ የማይነቀፍ ነው አለ። ሁለት ምክር ቤቶችም አቋቋመ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሾሟቸዋል፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት ደግሞ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጧቸዋል። ሕዝቡ ገና መራጭ አልነበረም።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷን ሕገ መንግሥትና የተመረጠ ምክር ቤት ይዛ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የ1923ቱ ሕግ በጣም አርጅቶ ታየ። በ1948 ዓ.ም. የንግሡ 25ኛ ዓመት ሲከበር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። 131 አንቀጾች የነበሩት ይህ ሕግ ስለ ዜጎች መብት ብዙ መልካም ነገር ጽፏል። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ በሕዝብ እንዲመረጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1949 ዓ.ም. ተካሄደ። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር።

ሥልጣኑን በሦስቱ ጥያቄዎች ብንመዝነውስ? ሚኒስትሮችን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የጦር ኃይሉ የበላይ አዛዥ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ምክር ቤቱን የሚበትኑት ንጉሠ ነገሥቱ፣ እርሳቸው ካላጸደቁት ሁለቱ ምክር ቤቶች ያሳለፉት ረቂቅ ሕግ አይሆንም። በፍርድ ቤት የተረታ ሰው በመጨረሻ አቤቱታውን ይዞ የሚቆመው በዙፋን ችሎት ፊት ነበር፤ ይቅርታ የማድረግ ሥልጣንም የእርሳቸው ነው። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ቢፈቀድም የመጨረሻው ቃል ከዙፋኑ አልወጣም። ማን ሾማቸው? ዘራቸውና ቅባታቸው። ማን ይሽራቸዋል? በሕጉ ማንም። ለማን መልስ ይሰጣሉ? አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት ይኼንን ነው።

ለኛ ለሙስሊሞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ነበረ። አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በመንግሥትም ትደገፋለች፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም የዚህ ሃይማኖት ተከታይ ይሆናል ይል ነበር። ይኸው ሕገ መንግሥት ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ የሃይማኖት ሥርዓትን መፈጸምም አይከለከልም ይላል። ያም ሆኖ የአገሪቱ የመጨረሻ ወንበር የአንድ ሃይማኖት ተከታይ ብቻ እንዲሆን በሕግ ተጽፎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ሕዝብ በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ፣ ክርስቲያን ወገኖቹም አብረውት ሲሰለፉ፣ ከጥያቄዎቹ መካከል የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት የነበረው ለዚህ ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

የደርጉ ሊቀመንበር

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ። ደርጉ በዚያው ቀን ባወጣው አዋጅ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ምክር ቤቱንም በተነ። ዘውዱን ግን ያን ዕለት አላጠፋውም። ለሕክምና ውጭ አገር የነበሩት አልጋ ወራሽ ተመልሰው እንዲነግሡ፣ ንጉሥነታቸው ግን በአስተዳደርም በፖለቲካም ሥልጣን የሌለው እንዲሆን ተወሰነ። ስም ብቻ ያለው ርእሰ ብሔር ለማቆም በአገራችን የታወጀው የመጀመሪያው ሐሳብ ይኼ መሆኑን ልብ በሉ። አልጋ ወራሹ አልመጡም፤ መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ጨርሶ ተሻረ።

በዚህ መካከል የርእሰ ብሔሩን ሥራ የያዘው ከመቶ በላይ መኮንኖችና ወታደሮች ያሉበት ደርግ ነው፤ በፊት የሚታየው ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ በሕግ የጉባኤ ሰብሳቢ እንጂ የብቻ ገዥ አልነበረም። ነገር ግን ሰብሳቢው ከአባላቱ ጋር ሲጋጭ የሚዳኘው ሕግ አልነበረም፤ የሚዳኘው ጠመንጃ ነበር። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ሁለት ወር ከሳምንታት እንደ ቆዩ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በቤታቸው ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ወደ ስልሳ የሚጠጉ ታሳሪ ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። እርሳቸውን የተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲ ነበሩ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ደርጉ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እንዳይከማች አዲስ አደረጃጀት አወጣ፤ ወር ከጥቂት ቀናት ሳይቆይ ጥር 26 ቀን ሊቀመንበሩና ሌሎች የደርግ አባላት በግቢው ውስጥ ተገደሉ። ሥልጣኑም በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ጠቅልሎ ገባ።

ደርግ ለሙስሊሙ ያመጣው መልካም ነገር መነገር አለበት። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፊጥር፣ ዒድ አል አድሓና መውሊድ እንደ ሌሎቹ በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ፤ የመንግሥት ሃይማኖት የሚባለውም ቀረ። ይሁን እንጂ የሃይማኖት አጥር የፈረሰለት ወንበር በሌላ አጥር ታጠረ፤ አጥሩም የጠመንጃና በኋላም የፓርቲ ነበር።

ሁሉን የጠቀለለው ፕሬዝዳንት

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ በአዲስ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሰጠ። 119 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ በአገራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ርእሰ ብሔሩን «ፕሬዝዳንት» አለው። 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ጳጉሜን 5 ቀን 1979 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱን ፕሬዝዳንት አድርጎ መረጠ።

በወረቀት ሲታይ ጥያቄዎቻችን መልስ አገኙ። የሚሾመው ሸንጎው ነው፤ የሚሽረውም መልስ የሚቀበለውም ሸንጎው ነው። ግን ወደ ሸንጎው የሚገቡትን እጩዎች ማን ያጣራል? ሕገ መንግሥቱ የሕብረተሰቡ መሪ ብሎ የሰየመው ኢሠፓ። የኢሠፓ ዋና ጸሐፊስ ማን ነው? ራሱ ፕሬዝዳንቱ። የጦር ኃይሉስ ጠቅላይ አዛዥ? ራሱ ፕሬዝዳንቱ። የመንግሥት ምክር ቤቱስ ሰብሳቢ? አሁንም እርሱ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል ነበረ፤ ነገር ግን በፕሬዝዳንቱ ጥላ ሥር ነበረ። ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ትምህርት አለ። ጠያቂው የተጠያቂው ተሿሚ ከሆነ ምርጫ ተብሎ ቢጻፍም የዙፋኑ ሥርዓት በሌላ ስም ተመልሷል ማለት ነው።

ፍጻሜውም የታወቀ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሄዱ። ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ለአንድ ሳምንት በተጠባባቂ ፕሬዝዳንትነት ቆዩ፤ ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ በኢጣሊያ ኤምባሲ ተጠለሉ።

ስሙ እዚህ፣ ሥልጣኑ እዚያ

በሐምሌ 1983 ዓ.ም. በወጣው የሽግግር ቻርተር አቶ መለስ ዜናዊ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በሽግግሩ አራት ዓመታት ፕሬዝዳንት የሚለው ስም ከነሥልጣኑ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ግን ሁለቱን ለያቸው። አቶ መለስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ትልቁ ሥልጣንም በዚያው ወንበር ተቀመጠ። ፕሬዝዳንትነቱን ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ያዙት።

በዚህ ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንቱን በእጩነት የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድነት ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ይመረጣል። የምክር ቤት አባል ከሆነ ወንበሩን ይለቃል። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም። ሥራዎቹ በአንቀጽ 71 ተዘርዝረዋል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ መክፈት፤
2. ሕጎችንና ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ፤
3. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርቡለት አምባሳደሮችን መሾም፤
4. የውጭ አገር አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ መቀበል፤
5. ኒሻንና ሽልማት መስጠት፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነትም ከፍተኛ የወታደር ማዕረግ መስጠት፤
6. በሕግ መሠረት ይቅርታ ማድረግ።

የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥነት በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ እርሱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትሮችን ለሹመት ማቅረብም እንዲሁ። ፊርማውን ብንመለከት ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። በ1948ቱ ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ ያልተቀበሉት ረቂቅ ሕግ አይሆንም ነበር። በ1987ቱ ሕግ ግን ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል።

ታዲያ ሥራው ባዶ ነው ወይ? አይደለም። በይቅርታ በኩል የአንድ ፊርማ ዋጋ ለእስረኛ ቤተሰብ ትልቅ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ከምርጫ 97 በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች የወጡት በይቅርታ ነው። ነገር ግን ይህም ቢሆን የይቅርታ ጉዳዮችን መርምሮ ሐሳብ የሚያቀርብ ቦርድ አለው። ከዚህም ሌላ ገዥው ጥምረት ፈርሶ በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ሲጠፋ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠረት ፓርቲዎችን የሚጋብዘው ፕሬዝዳንቱ ነው።

ደግሞም ለወንበሩ የሃይማኖት መስፈርት የለውም። አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ይደነግጋል። በ1948 ዓ.ም. ለሙስሊም ልጅ በሕግ የተዘጋው በር በሕግ ክፍት ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ሲመረጡ ደግሞ ፕሬዝዳንትነት የወንድ ብቻ መስሎ መታየቱ ቀረ።

አወጣጣቸውን ስንመለከት

ወንበሩ ላይ ማን ወጣ ከሚለው ይልቅ ማን እንዴት ወረደ የሚለውን መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል። ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው በእስር ላይ ሳሉ አለፉ። ጄኔራል አማን ተገደሉ። ጄኔራል ተፈሪ ተገደሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ሸሹ። ጄኔራል ተስፋዬ ከኤምባሲ ግቢ ሳይወጡ ዕድሜያቸው አለቀ። አምስት ርእሳነ ብሔር በተከታታይ፣ አንዳቸውም ሥልጣን አስረክበው በሰላም ወደ ቤታቸው አልገቡም።

ከ1987 ዓ.ም. በኋላ ያለው ሌላ ነው። ዶክተር ነጋሶ ከፓርቲያቸው ጋር ቢጣሉም ስድስት ዓመታቸውን ጨርሰው መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ለመቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስረከቡ። በ1997ቱ ምርጫ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ሲገቡ ለቀድሞ ፕሬዝዳንት የሚሰጠው ጥቅም ቀረባቸው፤ ነፍሳቸውን ግን የነካ አልነበረም። መቶ አለቃ ግርማ ሁለት ዘመን፣ አሥራ ሁለት ዓመት አገልግለው መስከረም 27 ቀን 2006 ዓ.ም. ወንበሩን ለዶክተር ሙላቱ ተሾመ ለቀቁ። ዶክተር ሙላቱ ዘመናቸው ሳያልቅ በራሳቸው ጥያቄ ተሰናበቱ። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ስድስት ዓመታቸውን ፈጽመው መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ተተኩ። አራት ፕሬዝዳንቶች በእግራቸው ገብተው በእግራቸው ወጡ።

የዘመን ገደብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ገደቡ ሕዝብን ከገዥ ይጠብቃል፤ ገዥውንም ከራሱ ፍጻሜ ይጠብቀዋል። መውጫ በር ያለው ሰው በር ለመዝጋት አይጣደፍም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንድታስተውሉልን እንሻለን። ሕገ መንግሥቱ የዘመን ገደብ ያስቀመጠው ለማን ነው? ለፕሬዝዳንቱ። ጦሩን ለሚያዝዘው፣ ሚኒስትሮቹን ለሚያቀርበው ለጠቅላይ ሚኒስትሩስ? የሥልጣን ዘመኑ ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር ነው ከማለት ሌላ ስንት ጊዜ ይመረጥ የሚል ገደብ አልጻፈም። ልጓሙ የተበጀው ለማይጋልበው ፈረስ ነው ማለት ነው። እርግጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ምክር ቤቱ ሊያወርደው ይችላል። ያ መልስ የሚያጠግበው ግን ምክር ቤቱ በእውነት ጠያቂ ሲሆን ብቻ ነው፤ የሸንጎው ዘመን ያስተማረን ይኼንኑ ነው። እኛ ይህን የምንለው ማንንም ለመንካት አይደለም፤ ሦስቱ ጥያቄዎች መቅረብ ያለባቸው ስሙ ባለበት ሳይሆን ሥልጣኑ ባለበት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ለቤተሰብ የምንመክረው

ውድ ወላጆች፣ ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች ብቻ ያሉት፣ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ከመግሪብ በኋላ አንድ ምሽት መድቡና ከልጆቻችሁ ጋር ከአንቀጽ 69 እስከ 74 አንብቡ። አንዱ ልጅ የፕሬዝዳንቱን፣ ሌላው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሥልጣን ይዘርዝር። ሴት ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ ይህ የእነሱም አገር ነው።

ጥቅሙ ለፈተና ብቻ አይደለም። ስንቱ ወገናችን አቤቱታውን ይዞ የማይመለከተው ቢሮ ደጃፍ ሲመላለስ ዓመት ያልፈዋል! ለታሰረ ልጇ ይቅርታ የምትለምን እናት ጉዳይዋ በይቅርታ ቦርድ በኩል እንደሚያልፍ ብታውቅ፣ የአስተዳደር በደል የደረሰበት ነጋዴ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መኖሩን ቢያውቅ፣ ድካማቸው በግማሽ ይቀል ነበር። በዙፋን ችሎት ዘመን በር አንድ ነበር። ዛሬ በሩ ብዙ ነው፤ የትኛውን ማንኳኳት እንዳለበት ያላወቀ ግን በሩ ሁሉ እንደ ተዘጋ ይቆጥረዋል።

በመጨረሻም ለወጣቶቻችን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከቤታችሁ አውጡት። ይህ ተረት ሹመትን ማዕድ አድርጎ ያስተምራል። ነገ ከእናንተ አንዱ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ አንዷ የምክር ቤት አባል፣ አላህ ካለም ከዚያ በላይ ትሆኑ ይሆናል። ያን ጊዜ ማን እንደሾማችሁ፣ ማን እንደሚሽራችሁ፣ ለማን መልስ እንደምትሰጡ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከሰው ጠያቂ ብታመልጡ እንኳ የማታመልጡት ጠያቂ እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ።